ባለ ስድስቷና ባለ አሥራ ስምንቷ

ወንድሙ ዳንጊሶ በሃያ አንድ ዓመት የፎቶ አንሺነት ዘመኑ የሰው ፊት ፈልጎ ያጣው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ያጣውም የገዛ ሚስቱን ፊት ነበር።

ፎቶ ቤቱ ሐዋሳ ፒያሳ፣ ከአንድ ጫማ መደብር በላይ፣ አሥራ ሰባት ደረጃ ተወጥቶ የሚደረስበት አንድ ክፍልና አንድ ጓዳ ነው። በጥር 1986 ዓ.ም. ሲከፍተው አንድ የፊልም ካሜራ፣ ሁለት መብራትና ባሕር የተሳለበት መጋረጃ ነበረው። ሐይቁ እዚያው አፍንጫቸው ሥር እያለ ሰዉ ለምን በተሳለ ባሕር ፊት ለመነሳት ደረጃ እንደሚወጣ ለብዙ ጊዜ አልገባውም። ያስረዳችው ታቢታ ናት። «የሐይቁ ንፋስ ፀጉር ያበላሻል፤ ያንተ ባሕር ንፋስ የለውም» አለችው። ያን ጊዜ ገና ደንበኛ ነበረች፤ ለመታወቂያ ልትነሳ መጥታ። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ተጋቡ። እሷ ሃያ ሦስት፣ እሱ ሃያ ሰባት ዓመታቸው ነበር።

ታቢታ ጳውሎስ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበረች። ከሁለት ዓመት በኋላ ሥራዋን ለቃ እሱ ዘንድ ገባች። ሙሽራ የምትለብስበት ክፍል ውስጥ ወንድ እንደ ልቡ አይገባም፤ ታቢታ ግን ትገባለች። የምታለቅስ እናት ታባብላለች፣ የተጣመመ ቬሎ ታቃናለች፣ መብራት ትይዛለች፣ ፊልም ትቀይራለች። ልጅ አልወለዱም። ጠያቂ ሲበዛባት «በየሳምንቱ የሰው ልጅ ስንድር የምንውል ሰዎች ነን፤ መቼ እንውለድ?» ትል ነበር።

በ1998 ዓ.ም. ዲጂታል መጣ። ወንድሙ ዱባይ በሚመላለስ ነጋዴ በኩል ያስመጣት ካሜራ ስድስት ሜጋፒክስል ነበረች። ታቢታ «ባለ ስድስቷ» አለቻት፤ ስሙም በዚያው ጸና። ጀርባዋ ላይ ያለው ስክሪን ከቴምብር ብዙም አይበልጥም። አራት ፎቶ በተከታታይ ካነሳች አምስተኛውን ለማንሳት ትንፋሿን መሰብሰብ አለባት። ግን ፊልም አትበላም፤ ለዚያ ሲባል ብዙ ነገር ይታለፍላት ነበር።

ከእሷ ጋር የተነሳው የመጀመሪያ ጭቅጭቅ የቀን ጉዳይ ነው። ታቢታ ቀኑን ልታስገባ ብትሞክር ካሜራዋ ከ2000 በታች አልወርድም አለች። «የእኛን ዓመት አታውቀውም» አለች ታቢታ። «ግድ የለም፣ ሁለት ዓመት እንጠብቃታለን።» ጠበቀቻትም። እስከዚያው በፈረንጅ ቀን ተሠራባት። ሚሊኒየሙ በገባበት ጠዋት፣ መስከረም 1 ቀን 2000 ዓ.ም.፣ ታቢታ ቁጭ ብላ 01/01/2000 ብላ ሞላችላት፤ ሰዓቱንም በእኛው አቆጣጠር አንድ ሰዓት አለችው። ከዚያ ወዲህ የፎቶ ቤቱ ሥራ ሁሉ በኢትዮጵያ ቀን ሆነ። ካርዱ ሲገለበጥ ኮምፒውተሩ ራሱ ለየቀኑ ፎልደር እየከፈተ ፎቶዎቹን ያስቀምጣል፤ «የጥር 12ቱን ሰርግ» ብሎ የመጣ ሰው ደቂቃ ሳይቆይ ሰርጉን ያገኛል። ያስቸገሩት የጥቅምት መጨረሻና ጳጉሜን ብቻ ነበሩ። ካሜራዋ ሁለተኛው ወር ሠላሳ እንዲሞላ አትፈቅድም፤ አሥራ ሦስተኛ ወር መኖሩንም አልሰማችም።

በ2001 ደግሞ ውስጧ ተበይዳ የተቀመጠችው፣ ሰዓቷን የምትጠብቀው ትንሽ ባትሪ ሞተች። ከዚያ በኋላ ትልቁ ባትሪ በወጣ በገባ ቁጥር ሰዓቷ ይጠፋል፤ ታቢታ ቀኑንና ሰዓቱን እንደ አዲስ ትሞላለች። ካሜራ ማዘጋጀት ከመጀመሪያውም የእሷ ሥራ ነበር።

አዲሷ ካሜራ፣ ባለ አሥራ ስምንቷ፣ የተገዛችው በጥቅምት 2004 ነው። ወንድሙ እሷን ያዘ፤ ባለ ስድስቷ ለታቢታ ተላለፈች። አንድ ዓመት ከመንፈቅ ያህል እሱ ከፊት፣ እሷ ከጎን ሆነው ሠሩ። የመጨረሻ ሰርጋቸው በግንቦት 2005 ነበር። በሰኔ ኩላሊቷ መታመሙ ታወቀ። ጥቅምት 14 ቀን 2006 ዓ.ም. አረፈች፤ አርባ ሦስት ዓመቷ ነበር። ባለ ስድስቷ ከነቦርሳዋ መሳቢያ ውስጥ እንደተቀመጠች ቀረች።

የታቢታን የመቃብር ሐውልት የሚሠራው ኑሪ ይባላል። ወደ ቱላ በሚወስደው መንገድ ዳር ድንጋይ ይቆርጣል፤ የሁለት እህቶቹን ሰርግ ያነሳለት ወንድሙ ዳንጊሶ ነው። መስከረም 26 ቀን 2007 ወንድሙ ሥራውን ሊያይ ሲሄድ ድንጋዩ ስሟ ተጽፎበት፣ ለፎቶው የሚሆን ቦታ በእንቁላል ቅርጽ ተቦርቡሮለት አገኘው።

«የቀረው ፎቶው ነው» አለው ኑሪ። «ሸክላ ላይ የሚታተመው አዲስ አበባ ነው። እስከሚመጣው ሳምንት ረቡዕ ካልላክሁት ለሙት ዓመቷ አይደርስም።»

«አመጣለሁ።»

«ስንተኛው አመጣለሁ ነው ይሄ? ስም አጣርቶ መጻፍ ያስቸግረኛል፣ ድንጋይ ይሰነጠቅብኛል፤ የፎቶ ችግር ግን ካንተ ይመጣል ብዬ አላሰብኩም።»

«የእሷ ፎቶ የለኝም፣ ኑሪ።»

ኑሪ መቁረጫውን አጠፋ። «እንዴት ይሆናል? እናቴ እንኳን ሦስት አላት፤ ያውም መነሳት አልወድም እያለች።»

ጭራሽ የለም ማለት አይደለም። የ1986ቱ የሰርግ ፎቶ አለ። የመታወቂያ ፎቶ አለ። የታቢታ ታላቅ እህት እትዬ አበበች አልበም ውስጥ ደግሞ ከአሥራ አምስት ሰው መሃል የምትታይባቸው ሁለት ፎቶዎች አሉ፤ ፊቷ የምስር ፍሬ ያህላል። ወንድሙ የሰርጉን ፎቶ አልፈለገም፤ እሱ ላይ ያለችው የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ናት፣ የቀበረው ግን እሷን አልነበረም። የመታወቂያውን ራሱ ያነሳው ቢሆንም እንደ ተከሳሽ ነው የምታየው። እሱ የሚፈልገው አብራው የኖረችውን ሴት ነው። ሁለቱ ዓይኖቿ የሚታዩበት፣ በመጨረሻዎቹ ዓመታት የተነሳ አንድ ፎቶ። የፎቶ አንሺ ሚስት ፎቶ ታጣለች ብሎ ስላላሰበ፣ አንድ ቀን አስቀምጦ ሳያነሳት ሃያ ዓመት አለፈ።

ፎቶ ቤቱ ውስጥ አብራው የምትሠራው ሮዳስ ናት። በ2003 በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቃ «ሁለት ወር ልሥራ» ብላ ገብታ በዚያው የቀረች፣ ሃያ ስድስት ዓመት የሞላት፣ ከሰው ይልቅ ለፋይል የምትጠነቀቅ ሴት። ፍለጋውን በባለ አሥራ ስምንቷ ጀመረች። ከእሷ የወጣ ፎቶ ትልቅ ነው፤ ዳር ላይ የቆመ ሰው እንኳን ተቆርጦ ሊወጣና ሊጎላ ይችላል። ሦስት ቀን ፈጀባት።

«አሥራ አንድ ቦታ ላይ አሉ» አለች ዓርብ ከሰዓት። «ይምጡ፣ ይዩ።»

ወንድሙ መነጽሩን አድርጎ ጎንበስ አለ። ታቢታ ከሙሽራዋ ጀርባ፣ ታቢታ መኪናው በር ላይ፣ ታቢታ ሐይቁ ዳር በርጩማ ላይ ቆማ። በአሥራ አንዱም ባለ ስድስቷን ፊቷ ላይ ደግናለች።

«ከአፍንጫቸው በታች ጥሩ ነው የወጡት» አለች ሮዳስ።

«አፍንጫዋስ?»

«ግማሹ።»

በአንደኛው ላይ የመኪናው መስታወት ፊቷን ከጎን መልሶታል። ሮዳስ አጎላችው። አንድ ጆሮ፣ አንድ ጉንጭ፣ ከዚያ የተበተነ ነጥብ። አሥራ ስምንት ሚሊዮን ነጥብ ውስጥ ለታቢታ የደረሳት ሁለት መቶ አይሞላም።

«የባለ ስድስቷን ፎቶዎች እንይ» አለ ወንድሙ።

«ባለ ስድስቷን የያዙት እሳቸው ነበሩ። ራሳቸውን እንዴት ያነሳሉ?»

«ሰው ተቀብሎ አንስቷት ይሆናል። አንዷ ሚዜ፣ አንዷ ሙሽራ። ‘አንቺም ተነሺ’ የሚል አይጠፋም።»

«ጋሽ ወንድሙ፣ አርባ አንድ ሺህ ፎቶ ነው። ብናገኝስ? ስድስት ሜጋፒክስል ለድንጋይ? የእኔ ስልክ አምስት ነው።»

«ስልክሽ ስንት ሙሽራ አንስቷል?»

«ስልኬ ሥራ አልተሰጠውም» አለች ሮዳስ፤ ግን ካልኩሌተሩን ሳበች። ኑሪ የሚፈልገው አሥራ ሦስት በአሥራ ስምንት ሳንቲሜትር ነው። ለዚያ 2126 በ1535 ነጥብ ያስፈልጋል። ባለ ስድስቷ 3072 በ2048 ትሰጣለች። ሮዳስ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ ሠራችው። «ትበቃለች» አለች፣ የተሸነፈች ሰው ድምፅ ሳይሆን የገረማት ሰው ድምፅ ነበር። «በሒሳብ ማለቴ ነው።»

«በዓይንም እንያታ። በዓይን ካልበቃች አርባ አንድ ሺውን አንነካም፤ የሰርጉን ፎቶ እሰጠዋለሁ።»

በዚህ ተስማሙ። ቅዳሜ፣ ጥቅምት 1 ቀን፣ ወንድሙ ባለ ስድስቷን ከመሳቢያው አወጣት። አንድ ዓመት ከመንፈቅ ያልተሞላ ባትሪዋን ሌሊቱን ሞልቶት አድሯል። ባትሪውን አስገብቶ ሮዳስን መስኮቱ አጠገብ ወንበር ላይ አስቀመጣትና ወዲያው አንድ አነሳት። ሮዳስ ተነስታ መጥታ ስክሪኑን አየችው።

«ሰዓቷ እየጨፈረ ነው። አምጧት ላስተካክላት።» ቀኑን ሞላች፤ 01/02/2007፣ አራት ሰዓት ከሩብ። ተመልሳ ተቀመጠች። ከዚያ ሦስት አነሳ፤ አንድ በፍላሽ፣ አንድ ጓዳው ውስጥ መብራት ሳይበራ፣ አንድ ቀርቦ። በባለ አሥራ ስምንቷም ያንኑ አራት። ሮዳስ ሁለቱንም ካርዶች ገለበጠችና ጥንድ ጥንዱን አትማ ጠረጴዛው ላይ ደረደረች። የትኛው ከየትኛው ካሜራ እንደሆነ ከጀርባ በእርሳስ ጻፈችበት።

እትዬ አበበች የመጡት በዚህ መሃል ነው። የታቢታን መታወቂያ በመሐረብ ቋጥረው ይዘዋል፤ ሌላ ፎቶ ካልተገኘ ይሄ ይሁን ሊሉ ነበር። አሥራ ሰባቱን ደረጃ ወጥተው ትንፋሻቸው እስኪመለስ ቆሙ።

«እንኳን መጡ፣ እትዬ» አለ ወንድሙ። «ዳኛ ፈልገን ነበር። ይቀመጡና ከሁለት ሁለቱ የሚሻለውን ይምረጡልን።»

«ለቅሶ ቤት ውስጥ ቁማር ጀመራችሁ?» አሉ፤ ግን መነጽራቸውን አወጡ። የጓዳውን ጥንድ አነሱ። «ይቺ ትሻላለች። ያቺኛዋ ፊቷ ላይ ጤፍ የተበተነባት ይመስላል።»

ሮዳስ ገለበጠችው። የተሻለችው ባለ አሥራ ስምንቷ ናት። «ጨለማ ላይ ባለ ስድስቷ ታጉረመርማለች» አለች፣ ደስ ብሏት።

በፍላሽ የተነሱትን እትዬ አበበች ሊለዩ አልቻሉም። ቀርበው የተነሱትን ግን ብዙ ጊዜ እያፈራረቁ አዩ። «በዚህኛው ላይ እያንዳንዱ ቅንድብሽ ይቆጠራል። ያቺኛዋ ላይ አይቆጠርም፤ ግን መልክሽ እሷ ናት። ይቺ ቀይ አድርጋሻለች። አንቺ ደግሞ ጠይም ነሽ።»

ወንድሙ ራሱ ገለበጣት። መልኳን የያዘችው ባለ ስድስቷ ነበረች። ሮዳስን አያት።

«እሺ፣ አንድ ለአንድ ነው» አለች ሮዳስ። «ቀለሙን በኮምፒውተር ማስተካከል ይቻላል።»

«መልክ ከሆነ አንዴ ያመለጠ አይስተካከልም» አለ ወንድሙ። ጠረጴዛውን ቃኘ። «የመስኮቱስ? ዋናው እሱ ነው እኮ። የባለ አሥራ ስምንቷ አለ፤ የባለ ስድስቷ የታለች?»

«ከባለ ስድስቷ የወጣው ሦስት ነው።»

«አራት ነው ያነሳሁት። የመጀመሪያዋ መስኮቱ አጠገብ ናት። አይተሻታልም።»

እውነቱን ነው፤ ሮዳስ ስክሪኑ ላይ በዓይኗ አይታታለች። የዛሬውን ፎልደር ከፈተች። ሦስት። ካርዱን መልሳ አስገባች። ካርዱ ላይ አራት አሉ። ኮምፒውተሩ አራቱንም ገልብጫለሁ ይላል። ሮዳስ ወንበሯን ወደፊት ሳበች፤ ፋይል ሲጠፋባት እንቅልፍ የሚነሳት ሰው ናት። ባለ ስድስቷ ለፎቶዎቿ ቁጥር ትሰጣለች፣ 9999 ሲደርስ እንደገና ከ1 ትጀምራለች፤ የተገለበጡት 7216፣ 7217 እና 7218 ናቸው። ስለዚህ የጠፋችው 7215 ናት። ቁጥሩን ፍለጋው ላይ ጻፈችና ከወጡት ውስጥ ዛሬ የተገለበጠችውን ፈለገች።

«አለች።»

«የት?»

«ሚሊኒየም ውስጥ።»

ወንድሙ አልገባውም። ሮዳስ እየተናገረች ራሷ እየገባት ሄደ። ባትሪው ሲገባ የካሜራዋ ሰዓት ወደ ፋብሪካ መነሻዋ ይመለሳል፤ መነሻዋ ደግሞ 01/01/2000 ነው። እሱ ያነሳው ሰዓቷ ሳይሞላ ነበር። እናም ኮምፒውተሩ ፎቶዋን በቀኗ ሲያስቀምጥ፣ መስከረም 1 ቀን 2000 ብሎ ከሚሊኒየሙ ሦስት መቶ ሰማንያ ፎቶዎች ጋር ደባለቃት። ፈረንጅ ቢሆን ኖሮ ካሜራዋ ከመሠራቷ በፊት የተነሳ ፎቶ ሲያገኝ ይጠረጥር ነበር። እነሱ ቤት ግን ያ ቀን እውነተኛ ቀን ነው፤ ፎልደሩም የታወቀ ፎልደር ነው፤ በዓሉ ካለፈ ወዲህ የከፈተው የለም።

«ክፈቺዋ» አለ ወንድሙ።

ፎልደሩ በሰዓት ቅደም ተከተል ተከፈተ። መጀመሪያ የመጣው የበዓሉ ጠዋት አልነበረም። ከዜሮ ሰዓት ጀምሮ ባሉት ጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ የተነሱ፣ እንደ ባቄላ የተደረደሩ ትናንሽ ፊቶች ነበሩ። ከመሃላቸው ሮዳስ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣለች። የቀሩት ሁሉ አንድ ሴት ናቸው።

መጀመሪያ የተናገሩት እትዬ አበበች ናቸው። «ይቺ ታቢታ አይደለችም?»

ሮዳስ ስክሪኑን ቀስ ብላ ወደ ታች አወረደችው። ፊቶቹ አላለቁም።

ወንድሙ ይህን ነገር መቶ ጊዜ አይቶታል። ታቢታ የሙሽራዋ ክፍል በር ላይ ቆማ አዲስ ባትሪ ታስገባለች፣ ካሜራዋን ወደ ራሷ ታዞራለች፣ ክንዷን ዘርግታ አንድ ታነሳለች። ስክሪኑን ታያለች። ከጨለመ ታበራለች፣ ከነጣ ትቀንሳለች፣ ከዚያ ቀኑንና ሰዓቱን ሞልታ ትገባለች። ቬሎው ነጭ፣ ሙሽራዋ ጠይም፣ ክፍሉ ጨለማ ስለሚሆን ካሜራዋ ሁልጊዜ ትሳሳታለች። «የምትበላሽ ፎቶ ካለች እኔ ላይ ትበላሽ» ትል ነበር። ባለ አሥራ ስምንቷ ስክሪኗ ሰፊ ነው፣ ብርሃኑን ራሷ ትገምታለች፣ ሰዓቷም አይጠፋም፤ ማንም በራሱ ፊት ፈትኗት አያውቅም። በባለ ስድስቷ የተነሱትን ሙከራዎች ግን ታቢታ ወዲያው የምታጠፋቸው ይመስለው ነበር። ካርዱ ጠባብ ነበር፤ አንድ ፎቶ እንኳን ቦታ ይይዛል።

«ማጥፋት ረስተው ነው?» አለች ሮዳስ።

«ታቢታ?» አሉ እትዬ አበበች። «የተበደረችውን መርፌ በዓመቱም ሳትረሳ የምትመልስ ሴት።»

ረስታ ይሁን፣ ሰዓት አጥሯት ይሁን፣ ወይም ፈልጋ፣ ይህን የሚያውቅ ሰው የለም። ወንድሙ ወንበር ስቦ ተቀመጠና «እንቁጠራቸው» አለ።

ቆጠሩ። ከሮዳስ ሌላ አንድ መቶ ስልሳ ሦስት ናቸው። አሥራ አራቱ የእጅ መዳፍ፣ ሁለቱ ኮርኒስ። አንድ መቶ አርባ ሰባቱ ፊቷ ነው። በኮምፒውተሩ አባባል ሁሉም የተነሱት በአንድ ቀን፣ በአራት ደቂቃ ውስጥ ነው፤ በሹሩባ፣ በሻሽ፣ በተተኮሰ ፀጉር፣ አንዴ ደግሞ ወንድሙ በጭራሽ በማያስታውሰው አረንጓዴ ጉትቻ። ሰዓቱ ስለማይረዳ ሮዳስ በካሜራዋ ዙርና ቁጥር አስተካክላ ደረደረቻቸው። ያኔ ሴትዮዋ ከግራ ወደ ቀኝ አምስት ዓመት ኖረች። ከጆሮዋ በላይ አንድ ሽበት ብቅ አለ፤ ቀጥሎ ሦስት፤ ቀጥሎ ሻሽ።

አብዛኞቹ ለሐውልት አይሆኑም። ሙከራ ናቸውና ወይ ጨልመዋል ወይ ነጥተዋል፤ ሌንሱ ቀርቦባት አፍንጫዋ የገነነባቸውም አሉ። ወንድሙ እንደማንኛውም የደንበኛ ፎቶ አንድ በአንድ ጣላቸው፤ ሮዳስም ምክንያቱን እየሰማች አለፈች። ብርሃኑ የተስተካከለላቸው ዘጠኝ ቀሩ።

እትዬ አበበች ወዲያው መረጡ። በአንደኛው ላይ ታቢታ ከካሜራው ውጭ ያለ ሰው የነገራት ነገር አስቋት ጥርሷ ታይቷል። «ይቺን። ስትስቅ ሰው ይያት።»

«የቱ ነው የመጨረሻው?» አለ ወንድሙ ለሮዳስ።

«6902። ከሱ ቀጥሎ ያሉት የግንቦቱ ሰርግ ናቸው፤ እስከ 7214 ድረስ። ከዚያ እኔ ነኝ።»

6902 ላይ ታቢታ ሰማያዊ ሻሽ አስራለች። ጉንጯ ትንሽ ጎድሏል፤ ያን ጊዜ ድካም ነው ብለው ነበር። አትስቅም፤ ግንባሯንም አላኮማተረችም። አፏን በመጠኑ ከፍታ፣ ሁለት ዓይኖቿን ሌንሱ ላይ ተክላ፣ ነጭ ግድግዳ ከጀርባዋ ይነጣ እንደሆነ ለማወቅ ትጠብቃለች።

«ይሄ ነው» አለ።

«አልሳቀችም እኮ» አሉ እትዬ አበበች።

«እየሠራች ነው፣ እትዬ።»

እትዬ አበበች ፎቶውን ረጅም ጊዜ አዩት። «እንዲህ ነበር የምታየኝ» አሉ በመጨረሻ። «ልብስ ስለካ። ይሄ አይሆንሽም ከማለቷ በፊት።» መታወቂያውን መልሰው መሐረባቸው ውስጥ ቋጠሩት።

ሰኞ ጠዋት ወንድሙ ፎቶውን በፍላሽ ዲስክና በወረቀት ይዞ ኑሪ ዘንድ ሄደ። ኑሪ እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ወረቀቱን ተቀበለና ብርሃን ወዳለበት ዞረ።

«ጥርት ያለ ነው። ከአዲሱ ካሜራ ነው?»

«ከአሮጌው።»

«አሮጌው ይሄን ያወጣል? እንግዲህ ፊቷን መሃል አደርገውና ግድግዳውን ሰማይ አስመስልልሃለሁ፤ ሰው ይወደዋል። ይሄ ጥግ ላይ ያለው ምንድን ነው? ክንድ ነው?»

«ክንዷ ነው።»

«እቆርጠዋለሁ።»

«አይቆረጥም። ግድግዳውም አይነካም።»

«ወንድሙ፣ ቦርቡሬ የጨረስኩት እንቁላል ነው። እንቁላል ውስጥ ክንድ አይገባም። ደግሞ ማን ክንድ ያያል? ሰው የሚያየው ፊት ነው።»

«ክንዷ ከተቆረጠ ሌላ ሰው ያነሳት ይመስላል።»

ኑሪ ወረቀቱን እንደገና አየው። የክንዷን አቅጣጫ በዓይኑ ተከተለና እጇ የት እንደሚደርስ አሰበ። የራሱን ክንድ በመጠኑ ዘርግቶ መለሰው።

«እኔ አንተ ያነሳሃት መስሎኝ ነው» አለ።

«እኔ አላነሳኋትም።»

ኑሪ ሜትሩን አወጣ። አራት ማዕዘን ካደረገው የስሟን የመጀመሪያ መስመር ይነካል። ከላይ ለካ፣ ከጎን ለካ። «በዚህ በኩል አይሆንም» አለ። «ድንጋዩን ገልብጬ በጀርባው እንደ አዲስ መጻፍ አለብኝ። ጀርባው አልተወለወለም፤ ሦስት ቀን ይበላኛል።»

«ለአሥራ አራት ይደርሳል?»

«ፎቶው ዛሬ ከሄደ ይደርሳል። ና፣ ያዝ በዚያ በኩል። ጣትህን እንዳትረሳው።»

ወንድሙ ኮቱን አውልቆ ጉማጅ እንጨት ላይ አስቀመጠ። ሁለቱ በየጫፉ ጎንበስ ብለው ድንጋዩን አነሱት፣ በጠርዙ አቆሙት፣ አረፍ አሉ፣ ቀስ ብለው አስተኙት። ጀርባው ሻካራና አቧራ የለበሰ ነበር። ኑሪ በመዳፉ ጠረገው፤ እርሳሱን ከጆሮው ጀርባ አውጥቶ፣ ፎቶውን ድንጋዩ ላይ አስቀመጠና ዙሪያውን ከክንዷ በኩል ጀምሮ ያሰምር ጀመር።